የእንግሊዝ ዙፋንና የእናቴ ጽዋ

ልጅ ሳለሁ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘመዶቻችን ይመስሉኝ ነበር። አትሳቂ ሊያ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ። አባባ ተሰማ ስለ እነሱ ሲያወሩ እንደ ሩቅ አገር ሰው አልነበረም፤ «ያ ሰውዬ እኮ ሚስቱን ፈታ፣ ያቺኛዋ ደግሞ አባቷን ከዳች» እያሉ፣ ልክ ትናንት የተጣሉ ጎረቤቶችን እንደሚያሙ ሆነው ነበር የሚያወሩን። ስም አይጠሩም። «ግማሾቹ አንድ ስም ነው የሚቀባበሉት፣ ብነግራችሁም ትደባልቁታላችሁ» ይሉናል። ሶ እኔ ያኔ «ንጉሡ» ሲባል የእማዬ የአክስት ልጅ ነገር፣ እስካሁን ሲያትል ያልመጣ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አባባ ተሰማ የእማዬ አጎት ናቸው፤ አንቺ አልደረስሽባቸውም። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር። እዚህ ሲመጡ ዳውንታውን አንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ የስልክ ሳጥን በምታህል የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ቲኬት ይሰጡ ነበር፤ ሰው መኪናውን ፓርክ አድርጎ እስኪመለስ ከላይብረሪ የተዋሱትን እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ ያነባሉ። ማታ ደግሞ ያነበቡትን ሁሉ ለእኔና ለእናትሽ ይዘረግፉልናል።

ያኔ የምንኖረው ሬኒየር ቫሊ ውስጥ በተከራየናት አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር፤ እኔ፣ እማዬ፣ ታላቅ እህቴ ሶስና፣ ማለት እናትሽ፣ እና አባባ። አባታችን እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ቤቷ ፋየርፕሌስ ነበራት፣ ያው ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ምድጃ ማለት ነው። አባባ ሂተር ማብራት አይወዱም፤ ከግሮሰሪው ጓሮ የተሰባበረ የዕቃ መጫኛ እንጨት ተሸክመው ይመጣሉ። በክረምት ታውቂዋለሽ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ድቅድቅ ይላል። አባባ ከአውቶቡስ ወርደው ሲገቡ ካፖርታቸው የዝናብና የመኪና ጭስ ይሸታል፤ ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ያሰጡትና፣ እሱ እየተነነ ሲደርቅ እሳቸው ባቃኑት የልብስ መስቀያ ሽቦ ፍሙን ቆስቆስ አድርገው «ከየት ነበር ያቆምነው?» ይላሉ። ሁልጊዜ የምታስታውሰው እናትሽ ናት። እኔ የማስታውሰው ያልገባኝን ብቻ ነበር።

አንዱ ንጉሥ ሚስቱን ልፍታ ሲል የሮማው ጳጳስ እምቢ ስላሉት የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። እሱ ሲሞት ወንድ ልጁ አገሩን ይበልጥ ወደ አዲሱ ሃይማኖት ጎተተው፤ ትልቋ ሴት ልጁ ስትነግሥ ወደ አሮጌው መለሰችው፤ ትንሿ ስትነግሥ ደግሞ እንደገና ወደ አዲሱ። «ድሃው» ይላሉ አባባ፣ «ጠዋት ሲነሳ ዛሬ በየትኛው ነው የምጸልየው ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቅ ነበር።» በኋላ ደግሞ ካቶሊክ የሆነ፣ ካቶሊክም ያገባ አይንገሥ ብለው ሕግ አወጡ። በሕጉ ምክንያት ስንትና ስንት የቅርብ ዘመድ ዘለው ጀርመን አገር አንድ የሩቅ ዘመድ አገኙና አነገሡት፤ እንግሊዝኛ እንኳን በቅጡ አይችልም። ይኼን ሲነግሩን እኔና ሶስና ምንጣፉ ላይ ተንከባለልን። ኢሚግራንት ነዋ። እኛን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አትችሉም ብለው ለብቻ ክፍል ሲያስቀምጡን እሱን ንጉሥ አደረጉት።

ኦኬ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

እማዬ የሞተችው የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ መስከረም ላይ ነው። እማዬ የማርያም ማኅበር ነበራት። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በወር በወር ሃያ አንድ ቀን በየተራ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ይጸለያል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ተረኛዋ ታበላለች። የእያንዳንዷ ተራ በዓመት አንዴ ይደርሳል፤ የእማዬ ታኅሣሥ ነበር። አንዷ ከሞተች ቦታዋን ልጇ ትረከባለች፤ ጽዋው ከቤቱ አይወጣም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። የእማዬን ቦታ መረከብ ያለባት ታዲያ በኩሯ፣ እናትሽ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እማዬ ታማ በተኛች ጊዜ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ እኔንም ፀጉሬን ሠርታ ትምህርት ቤት የላከችኝ እሷ ናት። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ከዚያ በፊት በነበረው በጋ እናትሽ ከኮሌጅ ጓደኛዋ ጋር ጴንጤዎች ጋ ሄዳ እዚያው ኳየር ውስጥ ቀርታ ነበር። ማተቧንም ፈትታለች። እማዬ አውቃ ዝም ነበር ያለቻት።

ማኅበርተኞቹ ግን ዝም አላሉም። ግማሾቹ «ከእምነቷ ወጥታለች፣ ጽዋው አይገባትም» አሉ። ግማሾቹ «እናቷን ያስታመመች ልጅ እንዴት ትዘለላለች፣ ደግሞ ልጅነት ነው፣ ትመለሳለች» አሉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው ማለት ነው፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሾርላይን የሚኖሩ ሴት ነበሩ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን የያዙትን አይለቁም። እሳቸው ሦስተኛ መንገድ አመጡ፦ ጽዋውን ለትንሿ እንስጥ፣ ትንሿም እዚያ ቤት ካደገች ጴንጤ ትሆናለችና እኔ ጋ ሾርላይን ትምጣ። ትንሿ እኔ ነኝ። አባባ ይኼን የሰሙ ቀን ፍሙን እየቆሰቆሱ «ይኼ ነገር ጀርመን ድረስ እንዳይወስደን» አሉ። አልሳቅንም።

አሁን የምነግርሽን ለእናትሽ ነግሬያታለሁ፣ ስለዚህ አትደንግጪ።

አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰው ሲበላ እትዬ አስካለ ትከሻዬን ይዘው ካፖርት ወደሚሰቀልበት ጥግ ወሰዱኝ። ሁለት ሌሎች ማኅበርተኞችም ነበሩ።

«ቲጂዬ፣ ከእሳቱ በላይ የነበረችው የእናትሽ የማርያም ሥዕል የት ሄደች?»

የት እንደሄደች አላውቅም ነበር። እማዬ ከተቀበረች በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳው ላይ ሥዕሏ የነበረችበት ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ ዙሪያው በጭስ ጠቁሯል፣ መሐሉ ነጭ ነው። አልጠየቅኩም።

«ሶስና ጣለቻት» አልኩ።

«አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ። ቆሻሻ ውስጥ ነው የጣለቻት።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። አንደኛ ተናድጄ ነበር፤ እሁድ እሁድ እሷ ኳየሯ ጋ ስትሄድ እኔን ለእትዬ አስካለ እየሰጠች ነበር፤ እናቴ ትታኝ ሄደች፣ አሁን ደግሞ እሷ እየሄደች ነው ብዬ አስብ ነበር። ሁለተኛ ደግሞ ትልልቅ ሴቶች አፌን አፌን ሲያዩኝ ደስ አለኝ። አንደኛዋ ዳቦ ቆርሳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እናትሽ ልትወስደኝ መጥታ፣ አውቶቡስ ጠብቀን ቤት ሳንደርስ እትዬ አስካለ ለሁሉም ኮል አድርገው ነበር። ማክሰኞ ነገሩ አለቀ፦ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ማኅበሩ እኛ ቤት ይሆናል፣ ሴቶቹ ራሳቸው አብስለው ያመጣሉ፣ ጽዋውን ለእኔ ይሰጣሉ፣ ማታውኑ ሻንጣዬን ይዘው ይወስዱኛል። አባባ ሊከራከሩ ሞከሩ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው፣ «ልጅቷን ማን ይጠብቃታል?» ተባሉ። ለእናትሽ ማንም ምክንያቱን አልነገራትም። ሻወር ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ግን አላንኳኳሁም።

ሃያ አንድ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀር ያ የዚህ አገር ንፋስ ተነሳ። ከእኛ በላይ ያለው መንገድ ላይ ዛፍ ወድቆ ገመዱን በጠሰውና ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ። አባባ ግማሹን መንገድ በእግር መጥተው በስብሰው ገቡ። እናትሽ የእማዬን መሳቢያ ከፈተችና ጧፍ አወጣች፤ ጴንጤዋ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ለኩሳ ምድጃው ራስ ላይ ስታቆም፣ ሰሙ በጣቷ ላይ ሲወርድ፣ የጧፉ ሽታ ከእንጨቱ ጭስ ጋር ሲደባለቅ ቤቱ ያኔ እማዬ ያለችበት ይመስል ነበር። አባባ ካልሲያቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ለእሳቱ ሰጡና «ከየት ነበር ያቆምነው?» አሉ።

«ካቶሊክ የሆነው ንጉሥ ሁለተኛ ሚስቱ አርግዛለች» አለች እናትሽ።

ይኼ ያ ካቶሊክ አይንገሥ የሚለው ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው። ንጉሡ ከሞተችው ሚስቱ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ እነሱ ያደጉት በአገሩ ሃይማኖት ነው። መኳንንቱም ንጉሡን የታገሡት ሲሞት ትልቋ ትነግሣለች ብለው ነው። አሁን ግን አዲሷ ንግሥት፣ እሷም ካቶሊክ፣ አረገዘች። ወንድ ከተወለደ ሴቶቹ ቀሩ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ካቶሊክ ሊሆን ነው። ወንድ ተወለደ። ያን ጊዜ ወሬ ተነሳ። አባባ በሽቦዋ ፍሙን እየጠቆሙ ነገሩን፤ በዚያ ዘመን ረጅም እጀታና ክዳን ያላት የመዳብ መጥበሻ ነበረች፣ ፍም ይሞላባትና አልጋው ውስጥ ገብታ አንሶላውን ታሞቃለች። ንግሥቲቱ አላረገዘችም፣ የሆነ የድሃ ልጅ በመጥበሻዋ ተደብቆ ገባ፣ ይኼው ነው አልጋ ወራሽ የተባለው፣ ብለው አወሩ።

«ሕፃኑ አልተቃጠለም?» አልኩ።

አባባ ሳቁ። «እንግሊዝ በሙሉ ይቺን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው ንጉሥ ያባረረው» አሉ። «ሲወለድ እኮ ክፍሉ በሰው ጢም ብሎ ነበር፣ ሁሉም አይተዋል። ማየት የነበረባት አንዲት ሰው ብቻ አልነበረችም፣ ትንሿ ልጅ። ጠበል በለው፣ ፍል ውሃ ልትታጠብ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ትልቋ እህቷ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው ያገባችው። እህቷን አምና ጥያቄ ዘርዝራ ላከችላት፦ ማን ነበረ፣ ማን አየ፣ እውነት ነው ወይ?»

«ምን መለሰችላት?» አለች እናትሽ።

«ከሰው የሰማችውን ጻፈችላት። እኔ ግን ሆዷ አላማረኝም ብላ ጨመረችበት።»

«ሳታይ?» አለች እናትሽ።

«ሳታይ።»

የትልቋ ባል ጦር ይዞ በመርከብ መጣ፣ አባትየው የመንግሥቱን ማኅተም ወንዝ ውስጥ ጥሎ ሸሸ፣ ትልቋ ከባሏ ጋር ነገሠች። ከዚያ እህትማማቾቹ በሌላ ነገር ተጣሉ። ማንን ወዳጅ ታደርጊያለሽ፣ ማን ይታዘዝሻል በሚል ተጨቃጭቀው መነጋገር አቆሙ። ትልቋ ፈንጣጣ ይዟት ሞተች፤ ሳይታረቁ። ትንሿ በኋላ ነገሠች። «ብቻዋን» አሉ አባባ፣ ሽቦዋን አስቀመጡ።

እኔ ፊቴን ወደ እሳቱ አዙሬ ነበር። ሙቀቱ ያቃጥለኛል፣ ግን መዞር አልቻልኩም፣ ከኋላዬ እናትሽ ፀጉሬን እየነካካች ነዋ። መዋሸቴን ላወጣው ፈልጌ ነበር። አልወጣልኝም።

ሃያ አንድ ደረሰ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን በካፖርት ላይ ለብሰው፣ ድስታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ገቡ። ሻንጣዬ በሩ ሥር ቆማለች፤ እናትሽ ናት ያዘጋጀችልኝ፣ ልብሴን ሁሉ ተኩሳ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ሄዱ። እትዬ አስካለ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችውን ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ መጡ። ሁሉም ቆመዋል።

«እትዬ አስካለ፣ አላየሁም» አልኩ።

«ምኑን ነው ያላየሽው ልጄ?»

«ሥዕሏን። ሶስና ስትጥላት አላየሁም። ዋሽቼ ነው።»

እናትሽ ኩሽናው በር ላይ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። «የቷን ሥዕል?» አለች። ያን ጊዜ ነው የሰማችው። የሁሉንም ፊት በየተራ እያየች ነገሩን ስትረዳው፣ ሳህኑን አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስትመለስ በእማዬ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ፈታችው። ሥዕሏ ናት።

«ግድግዳው ላይ ሳያት እማዬ ከሥሯ ቆማ ስትጸልይ ትታየኛለች» አለች። «ማየት አቃተኝ፣ ልብሴ መሐል አስቀመጥኳት። የእናቴን ዕቃ እኔ ቆሻሻ ውስጥ?»

የጣራው አሸንዳ ሲያንጠባጥብ ይሰማል። እትዬ አስካለ ጽዋውን ጠረጴዛ ላይ መልሰው አስቀመጡ። እኔን ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ይቺ ልጅ ናት» አሉ። «እኔ ነኝ ትልቋ። ከልጅ አፍ ሰምቼ ይኼን ሁሉ ቤት የደወልኩት እኔ ነኝ።» ሄደው እናትሽን ትከሻዋን ሳሟት። እናትሽ ግን አሁንም እኔን ነበር የምታየው። መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና በጆሮዬ «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለችኝ፤ በቃ፣ ሌላ አልተናገረችኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ ለሴቶቹ ተናገረች። «እትዬ፣ እኔ ጽዋውን አልጠጣም። እንደምጠጣ ሆኜ ላታልላችሁ አልፈልግም፣ እምነቴ ሌላ ሆኗል። ይቺን ልጅ ግን አትውሰዱብኝ።»

አባባ ከጥጋቸው ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ሕፃን ስትነግሥ እኮ እንደራሴ ይሾምላታል» አሉ። «ጽዋው የቲጂ ይሁን። አቅመ ሔዋን እስክትደርስ ግን ድግሱን ሶስና ትደግስላት፣ እዚሁ ቤቷ።»

«ጴንጤ ናት የማርያምን ማኅበር የምትደግሰው?» አለች አንዷ።

«በጾም ሽሮው ላይ ቅቤ ጣል ብታደርግስ?» አለች ሌላዋ።

«እኔ ቆሜ አያለሁ» አሉ እትዬ አስካለ። አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ሻንጣዬን እትዬ አስካለ ራሳቸው አንስተው ወደ ክፍሌ መለሷት።

ስምንት ዓመት፣ ሊያ። ስምንት ታኅሣሥ እናትሽ ለማታምንበት ማኅበር ሽንኩርት ከተፈች፣ ዳቦ ደፋች፣ ጽዋው ሲዞር ኩሽና ቆማ ጠበቀች። የተሳሳተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእነሱ ገና ከፈረንጆቹ ጋር አልፎ ነበርና፣ የኛ ጾም አለማለቁ ጭራሽ ከአእምሮዋ ወጥቶ ትልቁን ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀቻቸው። እትዬ አስካለ ክዳኑን አነሱት፣ አዩት፣ ቀስ ብለው መለሱት። «ሶስናዬ፣ ገና ስምንት ቀን ይቀረናል» አሉ። እናትሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ እትዬ አስካለ ድስቱን መኪናቸው ላይ ጭነው ኳየሩ ለአዲስ ዓመት የሚለማመድበት ድረስ ነዱና «ማርያም የላከችላችሁ ዶሮ ነው» ብለው አወረዱላቸው። በሉት። አንዱ የኳየር ልጅ አባትሽ ነበር፣ ያን ዕለት ነው ባለሙያነቷን ያወቀው። እኛ ዳቦ በሚጥሚጣ በላን።

አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ጽዋውን ተቀበልኩ። አባባ ታመው በተኙ ጊዜ ያን የንፋስ ቀን ሆን ብለው እኔን ብለው ነው ወይ ያወሩት ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ተራዋ ደርሶ ነው።» አመንኳቸውም፣ አላመንኳቸውምም። ብቻ ለእሳቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ከሥራ ደክመው ገብተው፣ እግራቸው እርጥብ እያለ፣ ያን ያህል ለሁለት ልጆች ለማውራት ትዕግሥት ነበራቸው። ለእትዬ አስካለም፣ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ለማለት ትልቅነታቸው ስላልከለከላቸው። እናትሽን ምን ብዬ እንደማመሰግናት ግን አላውቅም።

አሁን እንግሊዞቹ ሕጉን አላልተውታል፤ ካቶሊክ ማግባት ይቻላል፣ ራሱ ካቶሊክ ሆኖ መንገሥ ግን እስካሁን አይቻልም። አባባ ቢሰሙ ይኼን ለመንገር አንድ ማታ ሙሉ ይፈጅባቸው ነበር።

እኔ እንደምታውቂው አልወለድኩም። ሬኒየር ቢች ያለው ቤቴ ማኅበሩ ሲመጣ ሴቶቹ «የቲጂን ጽዋ ማን ይረከባል?» እያሉ ማንሾካሾክ ጀምረዋል። አንዳንዷ አንቺን ታይሻለች፣ አንዳንዷ ያቺማ የጴንጤ ልጅ ናት ትላለች። እኔ አንቺን አልጠይቅሽም። የማታምኚበትን እንድትጠጪም አልፈልግም። ጽዋው ለማንም ይሂድ፣ ለዚያ ሲደርስ ይታሰብበታል። የምፈልገው ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቤቴ ስትመጪ በሩ ላይ እንግዳ ሆነሽ እንዳትቆሚ ነው፤ የእናትሽ እጅ ያለበት ድግስ ነው።

ምን አልሽ? «አይ ካን ኩክ»? እንደ እናትሽ ማብሰል እችላለሁ ማለትሽ ነው? በይ፣ እሱንም ጻፊው።